የጥምቀት ሜዳ ቦምቦሊኖ ደብረ ማርቆስ ቤቴ ውስጥ

ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስቱንም ጊዜ ቦምቦሊኖው ከላይ ጠቁሮ ከውስጥ ሊጥ ሆኖ ወጣብኝ። አሠራሩን የሰጠችኝ ባሕር ዳር ያለችው እህቴ ናት። የእሷ ቦምቦሊኖ ለስላሳ ነው፣ ሲቆርሱት እንደ ጥጥ ይሳባል። ዱቄቱን በእሷ ልክ ሰፈርኩ። እርሾውንም ስኳሩንም እንደዚያው። እሳቱን እንኳ እንዳለችኝ አደረግሁት። ደብረ ማርቆስ ላይ ግን እምቢ አለ።

ልጆቼ ጥር 11 ሲደርስ ከታቦቱ ማደሪያ ሜዳ ዳር የሚሸጠውን ጥብስ ይወዳሉ። ቦምቦሊኖ፣ ሳምቡሳ፣ ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት ድንች። እኔም በልጅነቴ የበዓል ሳንቲሜን ይዤ መጀመሪያ የምሮጠው ወደዚያው ነበር። ዓመት ከምንጠብቅ ቤት ልሥራላቸው ብዬ ነው የተነሳሁት።

አራተኛውን ከመሞከሬ በፊት ሜዳው ላይ ስትጠብስ የማውቃትን ሴትዮ ገበያ አገኘኋትና ነገርኳት። "ዘይቱን አታጣድፊው ልጄ" አለችኝ። "አንች የምትፈልጊው ቶሎ እንዲቀላ ነው። እሱ ደግሞ መብሰል ነው የሚፈልግ።" እሷ ትንሽ ሊጥ ትጥላለች። ሊጧ ወዲያው ተንሳፋ ከጠቆረች እሳቱን ትቀንሳለች። ታች ተቀምጣ ከቆየች ትጠብቃለች። ታች ነክታ፣ ቀስ ብላ በትንንሽ አረፋ ተከባ ከወጣች ያኔ ትጀምራለች።

ምክንያቱን ያስረዳኝ የወንድሜ ልጅ ነው። ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራል፣ የዘይት ቴርሞሜትርም አዋሰኝ። ውሃ በሁሉም ቦታ በ100 ዲግሪ አይፈላም። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃውም ቀድሞ ይፈላል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ እዚያ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች በ92 ገደማ ነው። ታዲያ ሊጡ ውስጥ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ እስኪያልቅ ድረስ የሊጡ መሃል ከዚያ በላይ አይሞቅም። ውጩ ግን የሚነካው ዘይቱን ነው፣ ዘይቱ ደግሞ ከፍታ አያውቅም፣ ያሞቁትን ያህል ይሞቃል። ስለዚህ ደጋ ላይ ውጩ ያርራል፣ ውስጡ ይዘገያል። መፍትሔው ዘይቱን ቀዝቀዝ አድርጎ ጊዜ መስጠት ነው።

ብዙ ቦታ የሚባለው 180 ዲግሪ ነው። እኔ 165 ላይ አደረግሁት፣ በአንድ ጎን ሁለት ደቂቃ ገደማ። ሆነ! ቆርሼ ውስጡን ሳየው እንባዬ ነው የመጣው፣ እውነቴን ነው። ከ155 በታች ሳወርደው ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ቅርፊቱ ቶሎ አይይዝም፣ ሊጡ ዘይቱን ይመጠዋል፣ ስትነክሱት በከንፈር ይወርዳል። በጣም በጋለውና በቀዘቀዘው መሃል ያለው ልክ ጠባብ ነው። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ የሴትዮዋ የሊጥ ፈተና ከበቂ በላይ ነው፣ እኔ ጎን ለጎን አድርጌ አይቼዋለሁ።

የመሃሉ ቀዳዳ ለጌጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሥራ አለው። ዘግይቶ የሚበስለው መሃሉ ስለሆነ እሱን ማውጣት ነው። በሻይ ብርጭቆ አፍ ቆርጬ በሃይላንድ ክዳን ስበሳው ቀዳዳው ትንሽ ሆነብኝና ኩፍ ሲል ተደፈነ። አሁን ሰፋ ባለ ክዳን ነው የምበሳው፣ ሊጡንም ከጣት ውፍረት ባነሰ ነው የምዳምጠው። ከመሃል የሚወጡትን ክቦች አትጣሏቸው፣ ልጆቹ ከዋናው ይልቅ የሚሻሙት በእነሱ ነው።

ልኬቱ ይኸው። 1 ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ (ዱቄቱ ከጠየቀ ትንሽ ይጨመራል)፣ 10 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 100 ግራም ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከወደዳችሁ የተወቀጠ ኮረሪማ። ወተትና እንቁላል ስለሌለው ለጾምም ይሆናል። ስኳሩን በመጀመሪያ 200 ግራም አድርጌው ነበር፣ እሱም ለመጥቆሩ አንዱ ምክንያት ነው፣ ስኳር የበዛበት ሊጥ ቶሎ ይጠቁራል። ጣፋጭ ከፈለጋችሁ ከተጠበሰ በኋላ ከላይ ነስንሱ።

እርሾው ላይም ተሳስቻለሁ። ቤታችን ስለሚበርድ ሊጡን ምድጃ አጠገብ አስቀምጬ ገበያ ሄድኩ። ስመለስ ከሳህኑ ፈሶ፣ ኩፍ ብሎ ብሎ ተንፍሷል። ጠበስኩት፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ዘይት ጠጣ። ደጋ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ሊጥ ሙቀት ካገኘ በፍጥነት ነው የሚነሳው። ሰዓት አትቁጠሩ፣ ሊጡን እዩት። እጥፍ ሲሆን ይበቃዋል።

አሁን ወደ ዘይቱ። ጎጃም ነንና ቤት ውስጥ የኑግ ዘይት አይጠፋም፣ እኔም በሱ ጀመርኩ። የኑግ ዘይት ለጾም ወጥ ተወዳዳሪ የለውም፣ ያልተጣራው ግን ለዚህ አይሆንም። ቶሎ ይጨሳል፣ ያረፋል፣ ጣዕሙም ቦምቦሊኖውን ይውጠዋል። የሚረጋው የፓልም ዘይት በደንብ ይጠብሳል፣ ግን በእኛ ብርድ ጥብሱ ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ ይረጋና ምላስ ላይ ይለጠፋል። የተጣራ የሱፍ ዘይት ላይ ረጋሁ። ዘይት ውድ ስለሆነ ሰፊ መጥበሻ ትቼ ጠባብና ጥልቅ ብረት ድስት እጠቀማለሁ፣ 1 ሊትር ይበቃኛል። በአንድ ጊዜ ከሦስት አልበልጥም፣ ብዙ ሲገባ ዘይቱ ይቀዘቅዛል። ሲወጣ ወንፊት ላይ ነው የማሳርፈው። ወረቀት ላይ ካረፈ ከስሩ በእንፋሎቱ ይረጥባል። ዘይቱን አጥልዬ ሁለት ሦስት ጊዜ እደግመዋለሁ፣ ከጠቆረ ወይ ካረፋ እደፋዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ልብ በሉልኝ። ሁለተኛው ቀን ድስቱን እስከ አፉ ሞልቼ ከሰል ላይ ጣድኩት። እርጥብ ጭልፋ ስከትበት ዘይቱ ተንጣጣ፣ ገንፍሎ ከሰሉ ላይ ፈሰሰ፣ ነበልባሉ እስከ ድስቱ አፍ ወጣ። ውሃ ላመጣ ስሮጥ ምራቴ እጄን ያዘችና ድስቱን በክዳን ከደነችው፣ ዙሪያውን አመድ አፈሰሰችበት። እጄ አንጓ ላይ ጠባሳው አሁንም አለ። ውሃ ብጨምር ኖሮ ወዲያው እንፋሎት ሆኖ የነደደውን ዘይት ቤት ሙሉ ይበትነው ነበር። ድስቱን ከግማሽ በላይ አትሙሉ። ክዳኑን ከመጀመራችሁ በፊት አጠገባችሁ አስቀምጡ። ልጆቹን አርቁ።

ድንቹ ቀላል ነው። ቆርጦ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ መጥበስ። መጀመሪያ 150 አካባቢ እስኪለሰልስ፣ ቀጥሎ ጋል ባለ ዘይት እስኪቀላ። ብርድ ላይ የከረመ ድንች ስታርቹ ወደ ስኳር ስለሚቀየር ይጠቁራል፣ አዲሱን ግዙ።

ትልቋ ልጄ ደግሞ አሜሪካኖች በትርኢት ሜዳዎቻቸው የሚሸጡትን ፋነል ኬክ ስልክ ላይ አይታ ካልሠራሽልኝ አለችኝ። ቀጭን ሊጥ ፈሳሽ ወደ ጠርሙስ በሚገለበጥበት ማንቆርቆሪያ ቀዳዳ ዘይት ላይ እያዞሩ የሚያፈሱት ነው፣ እንደ ተወሳሰበ ክር ሆኖ ይጠበሳል። ሁለት ስኒ ዱቄት፣ ሁለት እንቁላል፣ አንድ ስኒ ተኩል ወተት፣ ትንሽ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር። ደጋ ላይ ቤኪንግ ፓውደሩን አታብዙት፣ አረፋው ሊጡን ይበትነዋል። ማንቆርቆሪያ ስላልነበረኝ የሃይላንድ ክዳን በስቼ ጠርሙሱን እየጨመቅሁ አዞርኩት። ጠርሙሱን ወደ ዘይቱ አታቅርቡት፣ ይቀልጣል። የሚነሰነሰውን ስኳር በሙቀጫ ወቀጥኩት። ቀጭን ስለሆነ ውስጡ ለመብሰል አያስቸግርም፣ እንደውም ከቦምቦሊኖ ይቀላል። ለጀማሪ በዚህ ጀምሩ ነው የምለው።

ዘንድሮ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞችን በዓል ለማየት እንጅባራ የባለቤቴ ዘመዶች ዘንድ እንሄዳለን። ቦምቦሊኖው የእኔ ድርሻ ነው ብያቸዋለሁ። እንጅባራ ከእኛም ከፍ ትላለች፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ዘይቱን 163 አካባቢ ላይ እጀምረዋለሁ፣ ሊጡንም ትንሽ አሳስቼ እዳምጠዋለሁ። ቴርሞሜትሩን ለወንድሜ ልጅ ገና አልመለስኩም።