ውሃ ጥምን በተሳሳተ ቦታ የመዘገብኩበት ሳምንት

የሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ሳለሁ በአንድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ለአራት ሳምንት የተግባር ልምምድ ተመድቤ ነበር። ዋናው ሥራዬ የታካሚዎችን ስሜት፣ አስተሳሰብና ጠባይ መከታተል ስለመሰለኝ፣ የደም ግፊትና ክብደት የምለካው ቅጹን ለመሙላት ያህል ብቻ ነበር።

ይህን አመለካከቴን የለወጡት በስኪዞፍሬንያ ምክንያት ተኝተው የሚታከሙ፣ ዕድሜያቸው ሃምሳ ያለፈ አንድ አባት ናቸው። ቀኑን ሙሉ ወደ ቧንቧው ይመላለሳሉ፤ ሌሊትም ለሽንት ደጋግመው ይነሣሉ። እኔ ግን «ይቅበጠበጣሉ፣ ውሃ ያበዛሉ» ብዬ ከአእምሮ ሕመማቸው ምልክቶች ጋር መዘገብኩት። በሁለተኛው ሳምንት «ልጄ፣ አፌ ደርቆ እንጨት ሆነ፤ የሚሰማኝ ግን የለም» አሉኝ። በጣም አዘንኩ፤ ከማይሰሟቸው ሰዎች አንዷ እኔ ነበርኩና። አጠገባቸው ተቀምጬ «ጋሼ፣ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ለተቆጣጣሪዬ ነግሬ የደም ስኳራቸውን ስንለካ 340 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆኖ ተገኘ፤ ይህ ከጤናማው መጠን እጅግ የበለጠ ነው፤ ጥሙም የሽንቱ መመላለስም ከዚህ የመጣ ነበር። ለአእምሮ ሕመማቸው የሚወስዱት ኦላንዛፒን የተባለ መድኃኒት ክብደትንና የደም ስኳርን ሊጨምር እንደሚችል በክፍል ተምሬ ለፈተና ጽፌዋለሁ፤ ታካሚው ፊቴ ሲቆም ግን አላስታወስኩትም።

ከዚያ በኋላ ምርመራውን በሌላ መንገድ ያዝኩት። ከክብደት ጋር የወገብ ዙሪያን ለካሁ፤ ክሎርፕሮማዚን የተባለውን ሌላ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስዱትን ደግሞ ተኝተውም ቆመውም የደም ግፊታቸውን እለካ ነበር፤ ምክንያቱም መድኃኒቱ ሰው ብድግ ሲል ግፊቱን አውርዶ ሊጥለው ይችላል። ክሎዛፒን የሚባለውን መድኃኒት የሚወስዱትን ስለ ሆድ ድርቀት ጠየቅሁ፤ መድኃኒቱ ድርቀት ያመጣል፤ ችላ ከተባለ አንጀት እስከ መዝጋት ይደርሳልና። ስለ ሲጋራ፣ ስለ ጫት፣ ስለ ሳልም መጠየቅ ለመድኩ። አንድ ወጣት የግፊት መለኪያው እሱን ለማሰር የመጣ መስሎት እጁን ሲሸሽግ፣ መጀመሪያ በራሴ ክንድ ላይ ጠምጥሜ አሳየሁት፤ በማግስቱ ራሱ ክንዱን ዘረጋልኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ፤ አብዛኛውም ሞት በአካላዊ በሽታ የሚመጣ ነው። የእኒያ አባት ካርድ ላይ ግን መድኃኒቱን ሲጀምሩ የነበራቸው ክብደት እንኳ አልተመዘገበም ነበር፤ ስለዚህ ምን ያህል እንደጨመሩ ማወቅ አልቻልንም። ከሆስፒታሉ ሲወጡ ክብደታቸውን፣ የወገብ ዙሪያቸውንና የደም ስኳራቸውን ከመድኃኒታቸው ዝርዝር ጎን ጻፍንላቸው፤ ጤና ጣቢያ የሚቀበላቸው ባለሙያ የሚያነጻጽርበት መነሻ እንዲኖረው።