የጥቁርና ነጭ ሶፍትዌር ስትመርጡ አንድ የአሞራ ገደል ፎቶ ይዛችሁ ፈትኑት

ቀይ ጃንጥላ የያዘች ሴት ሐዋሳ ላይ ፍቅር ሐይቅ ዳር ካሉት ሾላዎች ሥር ቆማ ፎቶ ተነሳች እንበል። በቀለም ሲታይ ጃንጥላው ከቅጠሉ ተለይቶ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወደ ጥቁርና ነጭ ሲቀየር ግን ቅጠሉ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። ካሜራው ምንም አላጠፋም፤ ጉዳዩ የሒሳብ ነው። የጃንጥላው ቀለም ከ0 (ጨለማ) እስከ 255 (ሙሉ ብርሃን) በሚሄድ ቁጥር ቀይ 180፣ አረንጓዴ 50፣ ሰማያዊ 50 ቢሆን፣ የቅጠሉ ደግሞ ቀይ 60፣ አረንጓዴ 110፣ ሰማያዊ 50 ቢሆን፣ ከድሮው ቴሌቪዥን በተወረሰው ቀመር እናስላው። ቀዩ በ0.299፣ አረንጓዴው በ0.587፣ ሰማያዊው በ0.114 ተባዝቶ ሲደመር ጃንጥላው 89፣ ቅጠሉ 88 ይወጣል። የአንድ ቁጥር ልዩነት ደግሞ ለዓይን ምንም አይደለም።

ይህንኑ ፎቶ ጊምፕ በሚባለው ነፃ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ከፍታችሁ ዲሳቹሬት (ቀለም አውጣ) የሚለውን ብትነኩ ከአንድ በላይ አማራጭ ያቀርብላችኋል። ላይትነስ የሚባለው ትልቁንና ትንሹን ቁጥር ደምሮ ለሁለት ስለሚያካፍል ጃንጥላው 115፣ ቅጠሉ 80 ይሆናል፤ ጃንጥላው በራ ማለት ነው። ሉማ የሚባለው ለአረንጓዴው 0.72 ያህል ክብደት ስለሚሰጥ ጃንጥላው ወደ 78 ይወርዳል፣ ቅጠሉ ወደ 95 ይወጣል። አሁን ደግሞ ቅጠሉ በራ። ሶፍትዌር ሲመረጥ እንግዲህ መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ የትኛው ቀለም ምን ያህል ግራጫ እንደሚሆን ለመወሰን ስንት መቆጣጠሪያ ይሰጠኛል የሚለው ነው። የፕሪሴቱ (ተዘጋጅቶ የሚመጣው መልክ) ብዛት ለማስታወቂያ ይበጃል እንጂ ለፎቶው ብዙም አይጠቅመውም።

ለመፈተን አንድ ፎቶ ይበቃል፤ ግን የሚያስቸግር ፎቶ ይሁን። ጠዋት የሐዋሳው አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ብትሄዱ የሚያስቸግረውን ሁሉ አንድ ፍሬም ውስጥ ታገኛላችሁ። የዓሣ አጥማጁ ቡናማ ፊት፣ ቀለም የተቀባ ጀልባ፣ ውሃው፣ ጭጋግ ያለበት ሰማይ፣ ከኋላ ቅጠል፣ ከፊት ደግሞ አንገቱ ሮዝ፣ ሆዱ ነጭ፣ ጀርባው ጥቁር ግራጫ የሆነ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ። በሮው አንሱት፤ ሮው ሴንሰሩ የያዘውን ሁሉ የሚያስቀምጥ ፋይል ነው፣ ጄፔግ ግን ካሜራው ራሱ አስተካክሎና ጨምቆ የሚሰጣችሁ። ካሜራችሁ ሮውና ጄፔግ አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ከሆነ የሥዕል ስታይሉን ሞኖክሮም ላይ አድርጉት፤ ስክሪኑ ላይ ጥቁርና ነጭ እያያችሁ ታነሳላችሁ፣ ሮው ፋይሉ ግን ቀለሙን አያጣም። ጄፔግ ብቻ በሞኖክሮም ያነሳ ሰው ቀለሙን ለዘለዓለም ጥሎታል፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ሶፍትዌር ጃንጥላውን ከቅጠሉ በቀለም ሊለይለት አይችልም።

አሁን ወደ ፕሮግራሞቹ። ላይትሩም ክላሲክ ላይ ቪ የምትለዋን ቁልፍ ስትጫኑ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ይሆንና ስምንት ስላይደር (በመጎተት ከፍና ዝቅ የሚል መቆጣጠሪያ) ይከፈትላችኋል፤ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ውሃ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅና ማጀንታ። ከስምንቱ ለእኛ አገር ፎቶ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ብርቱካናማው ነው። የሐበሻ ቆዳ ጠይም ይሁን ቀይ ዳማ አብዛኛው ቀለሙ ብርቱካናማው ላይ ያርፋል፣ ጥቂቱ ቀዩና ቢጫው ላይ። ብርቱካናማውን ከ10 እስከ 25 ከፍ ማድረግ ፊትን ያበራል። ከዚያ ካለፈ ግን አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ የጉንጭና የግንባር ጥላ ይጠፋና ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል። ወደ ታች ከሄደ ደግሞ እያንዳንዱ ብጉርና ጠባሳ ይጎላል፤ ለሽማግሌ ፊት አንዳንዴ ያምራል፣ ለሙሽራ ግን አይሞከርም። ቀዩ ከንፈርን ስለሚነካ ብርቱካናማው ከፍ ሲል ቀዩን ባለበት መተው ይሻላል፤ አለዚያ ከንፈር ከፊት ጋር አንድ ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅጠል ላይ ነው። ቅጠል አረንጓዴ ነው ብሎ አረንጓዴውን ስላይደር እስከ ጫፍ ይጎትታል፣ ፎቶው ግን እምብዛም ንቅንቅ አይልም። ፀሐይ የመታው ሣርና ቅጠል በአብዛኛው የሚገኘው ቢጫው ውስጥ ነው። ቢጫውን አንቀሳቅሱና ልዩነቱን እዩ። የትኛው ቀለም የት እንዳለ ለመገመት ካልፈለጋችሁ፣ ከስላይደሮቹ አጠገብ ያለችውን ክብ ምልክት ነክታችሁ ፎቶው ላይ የፈለጋችሁትን ቦታ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ጎትቱ፤ ፕሮግራሙ ራሱ ስላይደሩን ያገኘዋል። ለነጠላ ጥለት ይህች መሣሪያ ወርቅ ናት፤ ጥለቱ ውስጥ ያሉት ቀለሞች ሁሉ አንድ ግራጫ ሆነው እንዳይቀሩ አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ታደርጉበታላችሁ።

አንድ ተጨማሪ መቆጣጠሪያ አለ፤ ዋይት ባላንስ፣ ማለትም የፎቶው ቀለም ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ቢጫ እንዳያደላ የሚያስተካክለው። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ከሆነ በኋላም ዋይት ባላንሱን ስትነኩ ግራጫዎቹ ይለዋወጣሉ፤ ምክንያቱም ከሥር ያለው ቀለም ወደ ሌላ ስላይደር ይሸሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶው በቀለም እንዳለ ዋይት ባላንሱን ወስኑ፣ ከዚያ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። የጠዋት የሐይቅ ጭጋግ ወደ ሰማያዊ ካዘነበለ፣ ሰማዩን ለማጥቆር ሰማያዊውን ስታወርዱ ጭጋጉም አብሮ ይጠቁራል።

ፎቶሾፕ የብላክ ኤንድ ዋይት ሌየር (ከፎቶው በላይ የሚነጠፍ ንብርብር) አለው፤ ስላይደሮቹ ስድስት ናቸው፣ ብርቱካናማ የለም። ቆዳን ለማስተካከል ቀዩንና ቢጫውን እያመጣጠኑ መሥራት ግድ ይላል። ጥቅሙ ሌየር መሆኑ ነው፤ አንዱን ሌየር ለፊት፣ ሌላውን ለሰማይ ሠርቶ በማስክ፣ ማለትም ለውጡ የት እንደሚያርፍ በሚወስን ሽፋን፣ መለየት ይቻላል። ካፕቸር ዋን የሚባለው ፕሮግራምም እንዲሁ ስድስት ነው።

ላይትሩምና ፎቶሾፕ፣ ሁለቱም የአዶቢ ኩባንያ ፕሮግራሞች፣ በደንበኝነት በየጊዜው ይከፈልባቸዋል፤ ክፍያው ደግሞ በውጭ ምንዛሬ የሚሠራ ካርድ ይፈልጋል። እዚህ ብዙዎች ወደ ክራክ (ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ) የሚሄዱት ለዚህ ነው። ክራክ ግን ማሻሻያ ስለማይቀበል አዲስ ካሜራ የገዛ ሰው ሮው ፋይሉ አልከፈት ብሎት ይቀመጣል፤ ቫይረሱንማ ተዉት። በነፃና በሕጋዊ መንገድ የሚገኝ ጥሩ ነገር እያለ ለምን?

ጥሩ የምለው ሮውቴራፒን ነው። መልኩ አያምርም፣ ስላይደሩ ሺህ ነው፣ ለጀማሪ ያስፈራል። ለጥቁርና ነጭ ግን የሚያስፈልጋችሁ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ከለር በሚለው ትር ውስጥ ብላክ ኤንድ ዋይት የሚባለው። መንገዱን ቻናል ሚክሰር ላይ አድርጉና በሦስት ቀለም ከመሥራት ይልቅ ስምንቱን ቀለም የሚያሳየውን ምርጫ ክፈቱ። ብርቱካናማው ለብቻው አለ። የሠራችሁት ሁሉ ከፎቶው ጎን በትንሽ ፋይል ይቀመጣል፤ ዋናው ሮው አይነካም። ፎቶ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ስትገለብጡ ያችን ትንሽ ፋይል አትርሷት፤ ከጠፋች ሥራው እንደገና ከዜሮ ነው።

ዳርክቴብልም ነፃ ነው። መቀየሪያው ከለር ካሊብሬሽን የሚባለው ሞጁል ውስጥ ግሬይ የምትለዋ ትር ናት፤ እዚያ ያሉት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብቻ ናቸው። ሦስቱም ዜሮ እስካሉ ድረስ ፎቶው በቀለም ይቆያል፤ ቁጥር ስትሰጡት ይቀየራል። የሦስቱ ድምር ከ1 ካለፈ ፎቶው ይበራል፣ ካነሰ ይጨልማል፤ ኖርማላይዝ የሚለውን ምልክት ካደረጋችሁ ግን ራሱ ያመጣጥነዋል። ቀይ 0.6፣ አረንጓዴ 0.4፣ ሰማያዊ 0 ለጠይም ፊት ጥሩ መነሻ ነው። በሦስት ቻናል ብርቱካናማን ከቢጫ መለየት ስለማይቻል፣ ፊትና ቅጠል አንድ ፍሬም ውስጥ ሲገኙ ሞጁሉን ደግማችሁ ከፍታችሁ በማስክ መለየት አለባችሁ። ሥራ ያበዛል፤ ማስኩ ግን እጅግ ጥሩ ነው።

ጊምፕ ሮው በራሱ አይከፍትም፤ ከሮውቴራፒና ከዳርክቴብል አንዱን ይፈልጋል። ሞኖ ሚክሰር የሚባለው ትእዛዝ አለው፤ ሦስት ቻናል፣ እያንዳንዱ 0.333 ላይ ይጀምራል። ከመነሻው ጃንጥላ ጋር ቀዩን 1፣ ሌሎቹን 0 ብታደርጉ ጃንጥላው 180፣ ቅጠሉ 60 ይሆናል። ነገሩን ለመማር ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም፤ ለዕለት ሥራ ግን ይዘገያል።

በስልክ ለሚሠራ ስናፕሲድ የሚባለው መተግበሪያ ይበቃል። ብላክ ኤንድ ዋይት በሚለው መሣሪያ ውስጥ የቀለም ፊልተሮች አሉ፤ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ለፊት ብርቱካናማውን፣ ለቅጠል አረንጓዴውን ሞክሩ፤ ሰማያዊው የሐበሻን ፊት ያከስለዋል። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ሴቲንግ ገብታችሁ የጄፔጉን ጥራት ወደ 100 አድርጉት።

የትኛውም ቢመረጥ የሚበላሸው ሰማይ ላይ ነው። ሰማያዊውን ወደ ኔጌቲቭ 80 ሲያወርዱት ሰማዩ ይጠቁራል፣ ወዲያው ግን አሸዋ የተበተነበት ይመስላል፤ የሐዋሳው ታቦር ተራራ ጫፍም ነጭ ክር ይለብሳል። አሸዋው የሚመጣው ሰማያዊው ቻናል ደካማ ስለሆነ ነው። በአብዛኛው ካሜራ ሴንሰር (ብርሃን መቀበያ) ላይ ከአራት ነጥብ ሁለቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ ናቸው። ነጩ ክር ደግሞ ጄፔግ ላይ ይብሳል፤ ጄፔግ ቦታ ለመቆጠብ ቀለሙን ከብርሃኑ ባነሰ ዝርዝር ስለሚያስቀምጥ የቀለሙ ጠርዝና የተራራው ጠርዝ አይገጥሙም። ሮው ላይ ከኔጌቲቭ 40 አትለፉ፣ ጄፔግ ላይ ከኔጌቲቭ 20። የቀረውን በግራዲየንት ማስክ (ቀስ በቀስ እየሳሳ በሚሄድ ማስክ) ብርሃን በመቀነስ ጨርሱት። ከሐይቁ ማዶ ያለው ዝቅተኛ ሰማይ በጭጋግ ነጭ ስለሆነ ሰማያዊው ስላይደር አይደርስበትም፤ እዚያ መጎተት ላዩን አጥቁሮ ታቹን ነጭ ይተዋል።

ጉሬዛ ለሚያነሱ ደግሞ ሌላ ነው። ፀጉሩ ራሱ ጥቁርና ነጭ በመሆኑ ቀለም የለውም፤ ስምንቱን ስላይደር ብታንቀሳቅሱ የሚቀያየረው ከኋላው ያለው ቅጠል ነው። ፀጉሩ የሚስተካከለው በከርቭ፣ ማለትም ጨለማውንና ብርሃኑን በመስመር በሚያስተካክለው መሣሪያ ነው። ስታነሱ ነጩ ፀጉር እንዳይቃጠል (ዝርዝሩ ጠፍቶ ባዶ ነጭ እንዳይሆን) ሂስቶግራሙን፣ የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ፣ እዩ፤ ከጥቁሩ ውስጥ ዝርዝር ማውጣት ይቻላል፣ ከተቃጠለው ነጭ አይቻልም። የአባ ኮዳ ሆድም እንዲሁ ነው።

ሲልቨር ኤፌክስ ፕሮ የሚባለው የጥቁርና ነጭ ፕሮግራም ስሙ የገነነ ነው። ኒክ የሚባለው ኩባንያ ሠራው፣ ጎግል በ2012 ገዛው፣ በ2016 በነፃ ለቀቀው፣ በ2017 ዲኤክስኦ ወሰደውና እንደገና የሚሸጥ ሆነ። የፊልም መልኩና የኮንትሮል ፖይንቱ (አንድ ነጥብ ነክቶ ያንን አካባቢ ብቻ ማስተካከያው) ግሩም ናቸው። ግን ከላይትሩም ተነስቶ ሲሠራ ለእያንዳንዱ ፎቶ ቲፍ የሚባል ትልቅ ፋይል ይፈጥራል። የ24 ሜጋፒክስል ካሜራ ፎቶ በ16 ቢት ቲፍ 144 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ አንድ ሰርግ ላይ 100 ፎቶ ብትቀይሩ ከ14 ጊጋባይት በላይ ሄደ። ለኤግዚቢሽን አሥር ፎቶ ለሚያዘጋጅ ሰው ይሁን፤ ለሰርግ ላይትሩም ወይም ሮውቴራፒ ይሻላል።

ለማሳጠብ ስትልኩ ፋይሉን ግሬይስኬል (ግራጫ ብቻ) ሳይሆን አርጂቢ (ሦስቱን ቀለም የያዘ) እንደሆነ፣ ኤስአርጂቢ በሚባለው የተለመደ የቀለም መለኪያ በጄፔግ አስቀምጡት፤ አንዳንድ ማሽን ግሬይስኬሉን በትክክል አያነበውም። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ለ20 በ30 ሳንቲሜትር 2362 በ3543 ፒክስል ያስፈልጋል። ፎቶ ቤቱ በቀለም ወረቀት ስለሚያትም ግራጫው ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሮዝ ሊያደላ ይችላል። ሙሉውን ከማዘዛችሁ በፊት አንድ 10 በ15 አሳጥቡና ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ እዩት፤ በሱቁ አምፑል ሥር ሁሉም ግራጫ ደህና ይመስላል። ካደላ ፎቶውን ሆን ብላችሁ ጥቂት ወደ ቡናማ አሙቁት፤ የወረቀቱ ስህተት ከዚያ ውስጥ ይደበቃል። ጥላውንም ስክሪን ላይ ከሚታየው ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ ብርሃኑ እስከ ጫፍ በተከፈተ ላፕቶፕ የተሠራ ፎቶ ወረቀት ላይ ጠቁሮ ነው የሚመጣው።