ከኋለኞች ጀምረህ ክፈል

ሰሞኑን የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20ን ስደጋግም ነው የከረምኩት። የወይኑ አትክልት ሠራተኞች ምሳሌ ነው። ባለቤቱ ማልዶ ወጥቶ በቀን አንድ ዲናር ተስማምቶ ሰው ይቀጥራል። በሦስት ሰዓት፣ በስድስት፣ በዘጠኝ ይጨምራል። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል፣ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ እንደገና ይወጣል። ማታ ላይ ሁሉም እኩል አንድ አንድ ዲናር ይቀበላሉ። የጠዋቶቹ ያጉረመርማሉ።

ይህን ምሳሌ ሳነብ ልቤ ሁልጊዜ ወደ ጠዋቶቹ ያዘነብላል። አሁን የያዘኝ ግን የክፍያው ተራ ነው። ባለቤቱ አዛዡን፣ «ከኋለኞች ጀምረህ እስከ ፊተኞች ድረስ ደመወዝ ስጣቸው» ይለዋል። ለምን? ከፊተኞቹ ቢጀምር እኮ ጣጣ የለውም። ዲናራቸውን ይዘው፣ ላባቸውን ጠርገው፣ አመስግነው ይሄዱ ነበር። የኋለኞቹ ስንት እንደተቀበሉ ማን ያያል? ጠቡ የመጣው ስላዩ ብቻ ነው። ያሳያቸው ደግሞ ራሱ ባለቤቱ ነው። ሆን ብሎ።

ሰባራ ሳንቲም አልጎደለባቸውም። አንድ ዲናር የዚያን ዘመን የቀን ሠራተኛ ደህና ክፍያ ነበር። ጠዋት ሲስማሙበትም ቅር ያለው የለም። አቤቱታቸውን ልብ ብላችሁ ስሙት። «አሳነስከን» አላሉም። «ከእኛ ጋር አስተካከልሃቸው» ነው ያሉት። ዲናሩ ጠዋት ያው ዲናር ነበር፤ ማታም ያው ነው። በእጃቸው ላይ ዋጋው የወረደው የሌላው ሰው እጅ ላይ ሲያዩት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ይህን ምሳሌ ጠቅሶ «በገንዘቤ የወደድኩትን ባደርግ ምን አገባህ» የሚል አለቃ ከገጠማችሁ፣ የያዕቆብን መልእክት ምዕራፍ 5 አንብቡለት። የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል ይላል። ምሳሌው የሚናገረው ስለ መንግሥተ ሰማያት ነው። ደግሞም ባለቤቱ ጨመረ እንጂ ከማንም አልቀነሰም።

አንድ ጊዜ ለቅሶ ላይ ከአንዲት ትልቅ ሴት አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ሟቹ ዕድሜውን በመጠጥና በጠብ የጨረሰ፣ ሚስቱን ያስለቀሰ፣ ልጆቹ የሸሹት ሰው ነው። በመጨረሻ አልጋ ላይ ሲውል ንስሐ ገባ፤ ቆርቦም ሞተ። ሰባኪው ስለ ምሕረት ሲናገሩ ሴትዮዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣ «ዓለሙን ሲቀጭ ኖሮ አሁን እኩል ልንሆን ነው እንግዲህ?» አሉኝ። እጃቸውን አየሁት። ጣቶቻቸው ተጣመዋል፤ መዳፋቸው ተሰነጣጥቋል። ቤተ ክርስቲያን ሲጠርጉና አልጋ የያዘ በሽተኛ ሲያጥቡ የኖሩ ሰው ናቸው። የቀኑን ድካምና ትኩሳት የተሸከሙ ማለት እኚህ ናቸው። «ልክ አይደሉም» ለማለት አፌ አልደፈረም። አሁንም አይደፍርም።

ነገር ግን «ዓለሙን ሲቀጭ» የሚለው ቃላቸው እስካሁን ይከነክነኛል። ሰውየው ጥሩውን ድርሻ የወሰደ ያህል ነው የተናገሩት። እርሱ ሲደሰት እሳቸው ሲለፉ የኖሩ ያህል። እስቲ የአሥራ አንድ ሰዓቶቹን እናስታውስ። ባለቤቱ «ሥራ ፈትታችሁ ቀኑን ሁሉ በዚህ ስለ ምን ትቆማላችሁ?» ሲላቸው፣ «የሚቀጥረን ስለ አጣን ነው» ነው ያሉት። ጥላ ሥር ተጋድመው አልዋሉም። ቆመው ነው የዋሉት። ቀጣሪ በመጣ ቁጥር ጠንከር ጠንከር ያለው እየተመረጠ ሲሄድ፣ እነርሱ እየቀሩ። ማታ ለልጆቻቸው ምን ይዘው እንደሚገቡ እያሰቡ። የጠዋቱ ሠራተኛ ፀሐይ አቃጥሎታል፤ የእንጀራው ነገር ግን ከማለዳ ጀምሮ አላሳሰበውም። ቀኑን ሙሉ ባለቤት ነበረው። ያ ሟች ባለቤት አልነበረውም። የኖረበትን ኑሮ ያየ ሰው በምኑ ሊቀናበት ይችላል?

ከዚያ ደግሞ ሒሳቡ አለ። ለአንድ ሰዓት ሥራ የዲናር አንድ አሥራ ሁለተኛ ቢከፍለው ፍትሐዊ ነበር። ግን ሰውየው ሲርበው የአንድ ሰዓት ረሃብ አይደለም የሚርበው። የሙሉ ቀን ነው። ልጆቹም እንደዚያው። ባለቤቱ የከፈለው ሰውየው በሠራው ልክ ሳይሆን በሚያስፈልገው ልክ ነው።

የጥንት አባቶች ሰዓቶቹን በሰው ዕድሜ ይመስሏቸዋል፤ ማለዳ ልጅነት፣ አሥራ አንድ ሰዓት እርጅና። በዓለም ዘመናት የሚመስሏቸውም አሉ፤ ከአዳም ጀምሮ እስከ ክርስቶስ መምጣት። ሁለቱም ደስ ይሉኛል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ዲናሩ ነው። ዲናሩ መንግሥተ ሰማያት ከሆነ እንዴት ይሸረፋል? ለዚህ ሩቡ፣ ለዚያ ግማሹ ተብሎ ይሰጣል? እግዚአብሔር ራሱን ሲሰጥ ከሙሉ በታች የሚሰጠው ነገር የለውም። የጠዋቱ ሰው «ጨምርልኝ» ሲል ምን እንዲጨመርለት ነው? የቀረ ነገር የለም እኮ። የሚፈልገው ጭማሪ የሌላው መቀነስ ብቻ ነው።

ምሳሌው ለማን እንደተነገረም ማየት ጥሩ ነው። ትንሽ ቀደም ብሎ ጴጥሮስ፣ «እኛ ሁሉን ትተን ተከተልንህ፤ እንኪያስ ምን እናገኝ ይሆን?» ብሎ ጠይቋል። ጥያቄው የጠዋት ሠራተኛ ጥያቄ ነው። ጌታም አልገሠጸውም። መቶ እጥፍ እንደሚቀበሉ ነገራቸውና ይህን ምሳሌ አስከተለ። ገባቸው? የገባቸው አይመስለኝም። እዚያው ምዕራፍ ላይ የዘብዴዎስ ልጆች እናት መጥታ፣ ልጆቿ በመንግሥቱ አንዱ በቀኙ፣ አንዱ በግራው እንዲቀመጡ ትለምናለች። የቀሩት አሥሩ ደቀ መዛሙርት ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። ለትሕትና ተቆርቁረው ነው ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። ወንበሩን ስለተቀደሙ ይመስለኛል።

ማቴዎስ ወረድ ብሎ በምዕራፍ 27 ጌታ ሲሰቀል በቀኙና በግራው እነማን እንደነበሩ ይነግረናል። ሁለት ወንበዴዎች። ሉቃስ እንደጻፈው አንደኛው «አስበኝ» ብሎ በዚያው ቀን ገነትን አገኘ። ከአሥራ አንድ ሰዓትም ያለፈ ሰው ነው። ፈያታዊ ዘየማን የምንለው፣ የቀኙ ወንበዴ። ማቴዎስ ከሩቅ ሆነው ያዩ ከነበሩት ሴቶች መካከል ሦስቱን ለይቶ ይጠቅሳል። አንዷ የዘብዴዎስ ልጆች እናት ናት። ለልጇ የለመነችውን ቀኝ ማን እንደያዘው በዓይኗ አየች ማለት ነው። ቤቷ ስትመለስ ለልጆቿ ምን አለቻቸው ይሆን? እኔ ብሆን የወንበር ነገር ዳግመኛ አላነሣም ነበር።