የቆየ የትራፕ ፓምፕ ሾትገን ስሰበስብ የተማርኩት፦ ከዊንቸስተር ሞዴል 12 ጀምሮ

የትራፕ ተኳሽ ጠመንጃውን ከፋብሪካ እንደወጣ አይተወውም። ሰደፉን ያሳጥራል ወይም ያስረዝማል፣ ጉንጩ የሚያርፍበትን ከፍ ያደርጋል፣ አፈሙዙ ላይ ሪብ (በአናቱ ርዝመት የሚሄድ የማነጣጠሪያ ብረት) ያስበይዳል፣ ቾኩን (የአፈሙዙን ጫፍ ጥበት) ያሰፋል። ስለዚህ አንድ የቆየ የትራፕ ፓምፕ (እጀታው ተስቦና ተገፍቶ የሚያጎርስ ጠመንጃ) ፊቴ ሲቀርብ ዋጋውን ከመጠየቄ በፊት ምኑ እንደተነካ እፈልጋለሁ። ይህን ማየት የለመድኩት አንድ ሞዴል ብቻ ይዤ ነው፤ ዊንቸስተር ሞዴል 12። አንዱን በደንብ ያወቀ ሌሎቹን ለማወዳደር አይቸገርም። አምስት ዓይነት በአንዴ የጀመረ ግን አምስቱንም በግማሽ ነው የሚያውቃቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታውን ለማያውቅ፦ ትራፕ ከፊት ካለች ዝቅተኛ ቤት የሚወነጨፍ የሸክላ ዒላማ በአየር ላይ መስበር ነው። አንድ ዙር 25 ዒላማ አለው፤ ከአምስት መቆሚያዎች በ16 ያርድ ርቀት ይተኮሳል፣ የተሻለ ተኳሽ ከሩቅ በሚተኩስበት በሃንዲካፕ ደግሞ እስከ 27 ያርድ ወደ ኋላ ይኬዳል። ዒላማው ወደ ላይ እየወጣ ይርቃል። በዚህ ምክንያት የትራፕ ፓምፕ ባለ 30 ኢንች አፈሙዝ፣ ጠባብ ቾክና ከአደን ጠመንጃ ይልቅ ቀጥ ያለ ሰደፍ ይኖረዋል። ደብልስ በሚባለው ሁለት ዒላማ በአንዴ ይወጣል፤ ፓምፕ የያዘ ሰው በመሃል እጀታውን መሳብና መግፋት አለበት። ይቻላል፤ አሜሪካዊው ተኳሽ ሩዲ ኤቸን በ1950 በሬሚንግተን 870 ፓምፕ ከ100 የደብልስ ዒላማ 100ውንም ሰብሯል።

ገበያ ላይ የሚገጥሙት ብዙ አይደሉም። የዊንቸስተር ሞዴል 1897 የጆን ብራውኒንግ ንድፍ ነው፤ መዶሻው ውጭ ስለሚታይ ወዲያው ይለያል። እስከ 1957 ተመርቷል። ሞዴል 12ን የነደፈው ቲ. ሲ. ጆንሰን ነው፤ በ1912 በ20 ጌጅ (ጌጅ የአፈሙዝ ውስጥ ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ስፋቱ ይጨምራል) ወጣ፣ 12 እና 16 ጌጅ ተከተሉት፣ መደበኛ ምርቱ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲቆም ወደ ሁለት ሚሊዮን ተጠግቶ ነበር። ሬሚንግተን 31 ከ1931 እስከ 1949 የተሠራ ሲሆን እጀታው በቅባት ላይ እንደሚንሸራተት ያህል ለስላሳ ነው፤ እኔ ለመተኮስ ከሆነ ከሞዴል 12 እመርጠዋለሁ፣ መለዋወጫ ፍለጋው ግን ያስመርራል። ኢታካ 37 ቀለሁን ወደ ታች ስለሚጥል ግራኞች ይወዱታል።

አሁን ጠመንጃውን ወደ ማንበቡ። ሞዴል 12 ለሁለት ተከፍሎ ይፈታል፤ መለያ ቁጥሩም ሁለት ቦታ ተቀርጿል፦ በሪሲቨሩ (ማጎረሻና መተኮሻ ክፍሎቹን በያዘው የብረት አካል) ፊት ከሥር፣ እና ከአፈሙዙ ጋር በሚቀረው የመጋጠሚያ ክፍል ላይ። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ አፈሙዙ ከሌላ ጠመንጃ መጥቷል ማለት ነው። ለመተኮስ አይከለክልም፤ ለስብስብ ግን ዋጋውን ክፉኛ ይቀንሳል። ቁጥሩ በዋይ (Y) ፊደል ከጀመረ ከ1972 ጀምሮ እንደገና ከተሠሩት ነው እንጂ ከድሮዎቹ አይደለም። አፈሙዙ ላይ «ኒኬል ስቲል» የሚል ከሆነ ከ1930ዎቹ መጀመሪያ በፊት የነበረ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት «ዊንቸስተር ፕሩፍ ስቲል» ይላሉ። የሪሲቨሩ ቁጥር ከ1940ዎቹ ሆኖ አፈሙዙ ኒኬል ስቲል የሚል ከሆነ አንድ ነገር ተቀይሯል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ሪቡ ላይ ነው። ለሞዴል 12 ብዙ ሪብ የበየደው የካንሳስ ሲቲው የጠመንጃ ሥራ ቤት ሲመንስ ሲሆን ሥራው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በኋላ የተጨመረ ሪብ ከፋብሪካ ሪብ ጋር እኩል አይሸጥም። የምመለከተው በሞላላ ክብ ውስጥ ያለውን የፋብሪካ ፍተሻ ማህተም ነው። ለሪብ ተብሎ በተዘጋጀ አፈሙዝ ላይ ማህተሙ ከአናት ወደ ጎን ዘወር ብሎ ይመታል። አናቱ ላይ ሆኖ ሪቡ ከሸፈነው ወይም ካበላሸው አፈሙዙ ከፋብሪካ የወጣው ያለ ሪብ ነው። ሪቡን በመጻፊያ እርሳስ ጫፍ መታ መታ አድርጎ ማዳመጥም ጥሩ ነው፤ ሪቡን ከሚደግፉት ምሰሶዎች አንዱ ከላላ ድምፁ ይሰነጠቃል።

እንደገና የተቀባ ሰማያዊ ቀለም ከሩቅ ያምራል። ከቅርብ ግን ፊደሎቹ ጠርዛቸው ይቀልጣል፣ የሪሲቨሩ ማዕዘኖች ይድቦለቦላሉ፣ የብሎን ቀዳዳዎች ዙሪያ እንደ ሰሃን ይጎደጉዳል። ምክንያቱ ቀለሙ አይደለም፤ ከቀለሙ በፊት በሚሽከረከር መወልወያ ሲፋቅ የሄደው ብረት ነው። በእርሳስ የተበየደ ሪብ ያለውን አፈሙዝ በፍል የጨው መንከሪያ ማስቀባት ደግሞ ብየዳውን ይበላዋል፤ ይህን የማያውቅ ቀቢ ሪቡን ነቅሎ ይመልስልሃል።

ቾክ ላይ የተጻፈውን አላምንም፣ እለካለሁ። የ12 ጌጅ አፈሙዝ ውስጡ በስሙ 0.729 ኢንች ነው፤ ፉል ቾክ ከዚያ ከ0.035 እስከ 0.040 ያህል ይጠብባል። የአሥር ሳንቲም ዳይም አፈሙዙ ጫፍ ላይ አስቀምጦ «ካልገባ ፉል ነው» የሚሉ አሉ። ዳይም 0.705 ኢንች ስለሆነ፣ ውስጡ በትክክል 0.729 ቢሆን እንኳ አለመግባቱ የሚያሳየው ከ0.024 በላይ መጥበቡን ብቻ ነው፤ የድሮ አፈሙዞች ደግሞ ይለያያሉ። ጫፉንም ውስጡንም የሚለካ መለኪያ ያስፈልጋል፤ ቾኩ የሁለቱ ልዩነት ነው። የአፈሙዙን ርዝመት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጬ፣ ዘግቼ፣ ቀጭን እንጨት ከጫፉ አስገብቼ እለካለሁ። «ፉል» ተብሎ ተጽፎ ርዝመቱ 27 ኢንች ተኩል ከሆነ ጫፉ ተቆርጦ ቾኩ አብሮ ሄዷል።

መጋጠሚያውን ለማየት አንድ እጅ ሪሲቨሩን፣ ሌላው አፈሙዙን ይዞ መጠምዘዝ ነው። የእጀታው መንቀጥቀጥ አያስጨንቅ፤ ፓምፕ ሁሉ እንዲያ ነው። አፈሙዙ ከተንቀሳቀሰ ግን መጋጠሚያው አልቋል። አፈታቱ እንዲህ ነው፦ ካዝናውም ማጉረሻውም ባዶ መሆኑን በጣት ዳስሶ ማረጋገጥ፤ በካዝናው ቱቦ ጫፍ ያለውን ፒን ገፍቶ ቱቦውን ሩብ ዙር ማዞርና እስኪቆም ወደ ፊት መሳብ፤ እጀታውን ወደ ፊት እስከ መጨረሻው መግፋት፤ ከዚያ አፈሙዙን ሩብ ዙር አዙሮ ማላቀቅ። መጋጠሚያው ላይ ጥርስ ያለው ማስተካከያ ቀለበት አለ። የሚይዘውን ትንሽ ብሎን ፈትቶ ቀለበቱን በአንድ ጥርስ ማዞር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሁለት ሦስት ጥርስ በአንዴ የሚያዞር ሰው ጠመንጃው አልገጥም ሲለው በጉልበት ይገጥመዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጎዳው ክሩ ነው።

ሞዴል 12 እና 1897 ቃታው እንደተሳበ እጀታው ሲገፋ እንዳይተኩስ የሚያቋርጥ ክፍል የላቸውም። ቃታውን ይዞ ፓምፕ የሚያደርግ ሰው ጠመንጃው እንደተዘጋ ይተኩስበታል። ብልሽት አይደለም፣ ንድፉ ነው። በደብልስ ግን ከሁለተኛው ዒላማ በፊት መሬት ወይም ሰማይ የመምታት ምክንያት ይሆናል፤ ጣት ከቃታው ላይ መነሳት አለበት። አመጋገቡን የምፈትሸው ባሩድም አረርም በሌላቸው ስናፕ ካፖች ነው። አራት ሞልቼ በፍጥነትም በዝግታም አሠራዋለሁ። ሁለት ጥይት በአንዴ ከወጣ ከካዝናው አንድ በአንድ እንዲወጣ የሚያግደው ክፍል አልቋል፤ እየዘገየ ከመጣ የካዝናው ሞላ ደክሟል ወይም ቱቦው ተጎድጉዷል።

እንጨቱ ላይ ከሪሲቨሩ ጋር የሚገናኝበትን ጫፍ አያለሁ። ጥቁርና ለስላሳ ከሆነ የብዙ ዓመት ዘይት ጠጥቷል፤ ስንጥቅ የሚጀምረውም እዚያው ነው፣ በተለይ የሰደፉ ብሎን ሲላላ። ዘይቱን በአሴቶን በተለወሰ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ደጋግሞ በመቀባት መሳብ ይቻላል፤ ዱቄቱ ሲደርቅ ይጠርጋል፣ ነጭ እስኪቀር ይደገማል። የትራፕ ሰደፍ ከቃታ እስከ ጀርባው 14 ኢንች ከ3/8 ያህል ነው። ከ13 ተኩል በታች ሆኖ አዲስ የጎማ ትራስ ካለው ተቆርጧል።

ለመተኮስ ርዝመቱ 2¾ ኢንች የሆነ ጥይት፣ 1⅛ አውንስ፣ 7½ ወይም 8 ቁጥር የእርሳስ አረር ይበቃዋል። የብረት አረር በድሮ ፉል ቾክ ውስጥ አይተኮስም፤ እንደ እርሳስ አይጨመቅም፣ ጫፉን ያሳብጣል። የመጀመሪያዎቹ 20 ጌጅ ማጉረሻቸው 2½ ኢንች ስለሆነ ዛሬ ሱቅ ያለው 2¾ ጥይት ግፊቱን ከመጠን በላይ ያደርገዋል፤ ይለካል። በ40 ያርድ ወረቀት ላይ ተኩሶ ባለ 30 ኢንች ክብ መሥራትና ቀዳዳ መቁጠርም አይቀርም። በ1⅛ አውንስ 7½ ውስጥ ወደ 390 ፍሬ አለ፤ ፉል ቾክ 70 በመቶ ያህል፣ ማለትም ከ270 በላይ ክቡ ውስጥ ሊያስገባ ይገባል። አብዛኛው ከመሃል በላይ ቢወድቅ ጥሩ ነው፤ የትራፕ ጠመንጃ ከፍ አድርጎ መምታት አለበት።

አሜሪካ ላለን ሐበሾች ሕጉ አስቀድሞ መታየት አለበት። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል፤ በጉብኝት ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ግን እንደ አደን ፈቃድ ያለ ልዩ ሁኔታ ከሌለው በፌዴራል ሕግ መያዝም አይፈቀድለትም። 50 ዓመት ያለፋቸውን በሰብሳቢ ፈቃድ መግዛት ይቻላል፤ ፈቃዱ ለሦስት ዓመት 30 ዶላር ነው፣ የገባና የወጣ መዝገብ መያዝም ግዴታ ነው። የክፍለ ግዛቱ ሕግ ከዚህ ሊጠብቅ ይችላል።

ሲቀመጥ አፈሙዙ ወደ ታች፣ ሰደፉ ወደ ላይ። በተቃራኒው ከቆመ ዘይቱ ቀስ እያለ ወደ እንጨቱ ይወርዳል። በቆዳ ቦርሳ ውስጥም አይከርምም፤ ቆዳው እርጥበት ይይዛል፣ በአንድ ክረምት አፈሙዙ ዝገት ያበቅላል።