ለደብረ ብርሃን የነደፍሁት ስታዲየም

ለሥነ ሕንፃ ትምህርት መመረቂያዬ የመረጥሁት ሥራ ለደብረ ብርሃን ከተማ 12,000 ያህል ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም መንደፍ ነበር። ስለ ስታዲየም ስናስብ አብዛኞቻችን ቀድሞ የሚታየን የውጭ ገጽታው ነው፤ እኔ ግን ሥራውን የጀመርሁት በላይኛው ረድፍ ጥግ ላይ ከሚቀመጠው ሰው ዓይን ሲሆን፣ የሜዳው ጥልቀት፣ የግንቡ ዓይነትና የጣሪያው ስፋት የተወሰኑት ከዚያ እይታና ከከተማዋ መሬት በመነሣት ነው። ተመሳሳይ ሥራ የያዙ ተማሪዎችና የከተማ ባለሙያዎች ስሌቱን ከነምክንያቱ እንዲያገኙት ስል እጽፈዋለሁ።

ከሁሉ በፊት መመለስ የነበረበት ጥያቄ የመሮጫ መም ይኑር ወይስ አይኑር የሚለው ነበር። አማካሪዬ «መሙን ብታስወጣው ተመልካቹ ወደ ሜዳው ይቀርባል፤ አስበህበታል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ክብደት ነበረው፤ ምክንያቱም ባለ 8 መስመር መም፣ እያንዳንዱ መስመር 1.22 ሜትር ስለሆነ፣ ብቻውን 9.76 ሜትር ይወስዳል። 105 በ68 ሜትር የሆነው የእግር ኳስ ሜዳ በመሙ ውስጥ ሲቀመጥ፣ በጎን በኩል ከሜዳው መስመር እስከ መሙ የውጭ ጠርዝ 12 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከጎሎቹ ጀርባ ግን መሙ ስለሚዞር ርቀቱ ወደ 36 ሜትር ይደርሳል። ይህ ሁሉ እያለ መሙን አላስወጣሁም። ሰሜን ሸዋ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በሴቪያ የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር ወርቅ፣ በሲድኒ ኦሊምፒክም በዚሁ ርቀት ብር ያመጣችው ጌጤ ዋሚ የተገኘችበት ምድር ነው፤ በዚህ ከፍታና በዚህ ብርድ ሯጭ የሚያፈራ አገር ላይ ኳስ ብቻ የሚታይበት ስታዲየም መሥራት ለእኔ ትክክል አልመሰለኝም።

መሙ ከቀረ ደግሞ ከጎሎቹ ጀርባ ወንበር መደርደር ትርጉሙ ይቀንሳል። ስለዚህ መቀመጫውን በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች ብቻ አድርጌ፣ በጎን 30 ረድፍ፣ በረድፍ 200 ያህል ወንበር ሰጠሁ፤ ጫፎቹን ሣር የለበሰ ተዳፋት አደረግኋቸው። በዚህ አቀማመጥ በላይኛው ጥግ የተቀመጠው ሰው ከሩቁ የሜዳ ማዕዘን ያለው ርቀት ከ160 ሜትር በታች ነው፤ ለእግር ኳስ የሚፈቀደው የመጨረሻ ርቀት ደግሞ ብዙውን ጊዜ 190 ሜትር ነው። ድፍረቱን የሰጠኝ ኤድዋርዶ ሶቶ ዴ ሞራ በፖርቱጋል ብራጋ ከተማ የነደፉትና እ.ኤ.አ. በ2003 የተመረቀው ስታዲየም ነው። እሱም ወንበር ያለው በሁለት ጎኖቹ ብቻ ሲሆን፣ የተሠራው በቀድሞ የድንጋይ ካባ ውስጥ ነው፤ በአንዱ ጎል ጀርባ የተራራው አለት እንደ ተጠረበ ቆሞ ይታያል።

ቀጥሎ የመጣው የረድፎቹ ከፍታ ጉዳይ ነው፤ ጊዜዬን ሁሉ የበላውም እሱ ነው። ደንቡ ሲጠቃለል፣ የእያንዳንዱ ተመልካች የእይታ መስመር ከፊቱ ከተቀመጠው ሰው ዓይን በላይ 9 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ማለፍ አለበት፤ 12 ቢሆን እጅግ ጥሩ ነው፣ ከ6 በታች ከሆነ ግን ሰው አንገቱን እየሰገገ ይውላል። ችግሩ ሩጫና ኳስ የተለያየ ነገር መጠየቃቸው ነው። የመጀመሪያው ረድፍ ከሜዳው መስመር 15 ሜትር ርቆ የተመልካቹ ዓይን 2 ሜትር ከፍ ቢል፣ ለኳስ የ20 ሴንቲሜትር እርከን ይበቃል፤ ያው ሰው የውጭውን የመም ጠርዝ እንዲያይ ግን እርከኑ 70 ሴንቲሜትር መሆን ይኖርበታል፤ ይህ ደረጃ መሆኑ ቀርቶ ግድግዳ ይሆናል። መፍትሔ የሆነኝ የመጀመሪያውን ረድፍ ከመሙ ጠርዝ 5 ሜትር ማራቅና ወለሉን ከመሙ ጋር እኩል ማድረግ ነው። እንዲህ ሲሆን የተቀማጩ ዓይን ከመሙ በላይ 1.20 ሜትር ላይ ይውላል፤ የመጀመሪያው እርከን 30 ሴንቲሜትር ሆኖ ይጀምርና ወደ ላይ ቀስ በቀስ እያደገ በ20ኛው ረድፍ 41፣ በመጨረሻው ደግሞ 44 ሴንቲሜትር ያህል ይደርሳል። የእርከኑ ስፋት 80 ሴንቲሜትር ስለሆነ ከፍተኛው ተዳፋት 29 ዲግሪ እንኳ አይሞላም፤ ብዙ ጊዜ ወሰን ተደርጎ የሚወሰደው 34 ዲግሪ ነው። ለሚጀምር ሰው የምመክረው ይህን ስሌት ኮምፒውተር ከመክፈቱ በፊት በእጁ፣ ረድፍ በረድፍ እንዲሠራው ነው፤ የትኛው ቁጥር የትኛውን እንደሚጎትት የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

30ው ረድፍ በድምሩ ወደ 11 ሜትር ይነሣል። ሜዳውን የዚህን ግማሽ ያህል ወደ መሬት ለማስገባት የወሰንሁት ከአንድ አዛውንት ድንጋይ ጠራቢ ጋር ከተነጋገርሁ በኋላ ነው። «ልጄ፣ ዋልካ ላይ ያቆምኸውን ግንብ ክረምት ያነሣዋል፣ በጋ ይጥለዋል» አሉኝ። ዋልካ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ መሠረቱ የግድ ከዋልካው በታች ወዳለው ጽኑ መሬት መውረድ አለበት። አፈሩ ለመሠረት መውጣቱ ካልቀረ፣ ቁፋሮውን ሰፋ አድርጎ ሜዳውን ማስገባት የተጨማሪ ወጪውን ያህል ጥቅም ይመልሳል፤ የታችኞቹ ረድፎች ያለ ኮለንና ያለ ቢም በመሬቱ ላይ ያርፋሉ፣ ከሥር የሚወጣው ጥቁር ድንጋይም ለድጋፍ ግንቡ ይውላል። ለ1972ቱ ኦሊምፒክ የተሠራው የሙኒክ ስታዲየምም የመቀመጫው ብዙ ክፍል ከመሬት በታች የወረደ ነው።

መሬት ውስጥ የገባ ሜዳ ግን የክረምቱን ውኃ ሁሉ ይሰበስባል። በሐምሌ አንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ በኳስ ሜዳው ላይ ብቻ ከ210 ሜትር ኩብ በላይ ውኃ ይወርዳል። ቦታውን ወደ በሬሳ ወንዝ በሚያዘቀዝቅ መሬት ላይ የመረጥሁት ለዚህ ነው፤ ውኃው ያለ ፓምፕ፣ በራሱ ፍሰት እንዲወጣ። መብራት ሲጠፋ የሚቆም ፓምፕ ላይ ሜዳን ማሳደር አይገባም።

ጣሪያው ላይ ፀሐይና ነፋስ ተጣሉብኝ። የከሰዓት ፀሐይ በረኞችን እንዳያሳውር ሜዳው ከሰሜን ወደ ደቡብ ይዘረጋል፤ ተመልካቹም ፀሐይን ከጀርባው እንዲያደርግ በአዲስ አበባ ስታዲየም ጥላ ፎቅ የሚባለው ዓይነት ጣሪያ ያለው ክፍል በምዕራብ በኩል ይሆናል። የበጋው ነፋስ ግን ከምሥራቅ ይመጣል፣ ማለትም በቀጥታ ወደ ጣሪያው አፍ ይገባል። ከፊቱ ምሰሶ የሌለውን ጣሪያ ይበልጥ የሚፈትነው ከታች የሚያነሣው ነፋስ ነው። ስለዚህ የላይኞቹን 20 ረድፎች ብቻ፣ 16 ሜትር ያህል ሸፈንሁ፤ በጀርባው ግንብና በጣሪያው መካከል ነፋሱ የሚያመልጥበት ክፍተት ተውሁ፤ የጣሪያውን ብረት ከኋላ የሚይዘው መልሕቅም በከባድ የድንጋይ ግንብ ውስጥ ገባ። ብርዱን አስበው የእንጨት ወንበር ያቀረቡልኝ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 በእንግሊዝ ብራድፎርድ ከተማ ስታዲየም የእንጨት መቀመጫ ክፍል ተቃጥሎ 56 ሰዎች መሞታቸውን ስለማውቅ አልተቀበልሁትም።

የመውጫው ስሌት አጭር ነው፤ ግን ማንም ሊዘለው አይገባም። የእንግሊዝ የስታዲየም ደህንነት መመሪያ ለረጅም ጊዜ የተጠቀመበት ልክ፣ በአንድ ሜትር ስፋት ደረጃ ላይ በደቂቃ 66 ሰው፣ ጠቅላላ መውጫ ጊዜውም ከ8 ደቂቃ ያልበለጠ የሚል ነው። በአንድ ጎን ላሉ 6,000 ሰዎች ይህ 11.4 ሜትር ስፋት ይጠይቃል። እኔ 1.50 ሜትር ስፋት ያላቸው 10 መውጫዎች ሰጠሁ፤ ሁለቱ እንኳ ቢዘጉ የቀሩት 12 ሜትር ይሆናሉ። በተመልካቹና በመሙ መካከልም የብረት አጥር አላደረግሁም፤ እ.ኤ.አ. በ1989 በእንግሊዝ ሂልስቦሮ ስታዲየም በተፈጠረው መጨናነቅ ለ97 ሰዎች ሞት ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ሕዝቡን ከሜዳው የለየው አጥር ነበርና።

ሜዳው በግማሽ ወደ መሬት በመግባቱ የመግቢያው መተላለፊያ ከውጭው መንገድ ጋር እኩል ሆኖ በረድፎቹ መካከል ያልፋል፤ ግማሹ ሰው ይወርዳል፣ ግማሹ ይወጣል። ይህ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጡ ተመልካቾች ያለ ረጅም መወጣጫ፣ ያለ ሊፍት፣ ከበሩ በቀጥታ ወደ ቦታቸው መድረስ ማለት ነው። ነገር ግን ጎል ሲገባ ከፊታቸው ያለው ሰው ሁሉ ብድግ ይላል፤ እነሱ ደግሞ ተቀምጠው ይቀራሉ። ስለዚህ ቦታቸውን የቆመ ሰው ራስ በማይጋርደው ከፍታ ላይ አደረግሁት፤ ለዚህም በየጎኑ አንድ ሙሉ ረድፍ ተነሣ፣ ስታዲየሙ የሚይዘው ሰው ቁጥርም በዚያው ልክ ከ12,000 ዝቅ አለ።