የአሞራ ገደል ሸምበቆ ኮሎራዶ ላይ

እኔ ያደግኩት ሀዋሳ ነው። ሐይቁ ዳር ያለውን አሞራ ገደልን ለሚያውቅ ሰው አሳ ማጥመድ ማለት ምን እንደሆነ አላወራለትም፣ ሸምበቆ ትቆርጣለህ ጫፉ ላይ ሲባጎ ታስራለህ መንጠቆው ላይ ትል ትሰካለህ በቃ። ቆሮሶ ከያዝክ እሰየው፣ አምባዛ ከያዝክ ደሞ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል።

አሁን አውሮራ ኮሎራዶ ነን። ህይወት ያው የምታውቋት ናት፣ ስራ ቤት ስራ ቤት፣ እኔ ማታ እሰራለሁ ባለቤቴ ቀን፣ ልጆቹ ስልካቸው ላይ። በኮቪድ ጊዜ ሁሉ ነገር ሲዘጋ ጡረታ የወጣ ፈረንጅ ጎረቤታችን ና ፍላይ ፊሺንግ (በትል ፋንታ መንጠቆ ላይ በተሰራ የውሸት ዝንብ ማጥመድ) ላሳይህ አለኝ፣ እኔም የሀዋሳ ልጅ ነኝ ምን ያቅተኛል ብዬ ሄድኩ።

ኧረ ተዉኝ። በሌላው አሳ ማጥመድ የምትወረውረው መንጠቆው ጋ ያለውን የእርሳስ ብረት ነው፣ እዚህ ግን ዝንቧ ላባና ክር ስለሆነች ምንም አትመዝንም፣ ስለዚህ የሚወረወረው ወፍራሙ ገመድ ራሱ ነው፣ ለዛ ደሞ መጀመሪያ ወደኋላ ታወናጭፈዋለህ፣ ከኋላህ ዛፍ ካለ አለቀልህ። በዛ ሰመር አሳ ሳይሆን ዛፍ ነው ስይዝ የከረምኩት። ልጆቹን ይዣቸው ስሄድማ ግማሹን ሰአት የተቋጠረ ገመድ ስፈታ ነው የምውለው።

አንድ ቀን ሰውየው ሌላ ዘንግ ከቦርሳው አወጣ፣ ተሰብስቦ ክንድ የማያህል ነገር፣ ሲስበው ሲስበው 3 ሜትር ተኩል አለፈ። ማጠንጠኛ የለው ምን የለው፣ ገመዱ ጫፉ ላይ ይታሰራል አለቀ። ቴንካራ ይባላል፣ የጃፓን የተራራ ሰዎች አጠማመድ ነው አለኝ። እኔ ሳቄ መጣ። ይሄማ የአሞራ ገደል ሸምበቆ ነው! ከመቶ ዶላር በላይ የሚሸጥ ሸምበቆ!

ከዛ ወዲህ ቤተሰቡ በሙሉ ገባበት። ክሊር ክሪክ የሚባል ከጎልደን በላይ በገደል መሀል የሚወርድ ወንዝ አለ፣ ከኛ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ግንቦትና ሰኔ በረዶው ሲቀልጥ ሙላቱ ሰው ይወስዳል፣ ልጅ ይዛችሁ እንዳትሞክሩት፣ ሐምሌ ላይ ግን ጎደል ይልና ትራውት የሚባሉት አሳዎች ድንጋይ ስር ፊታቸውን ውሃው ወደሚመጣበት አዙረው ወንዙ ምግብ እስኪያመጣላቸው ይጠብቃሉ። ገመዱን ከውሃው በላይ ከፍ አድርገህ ዝንቧን ብቻ ታስነካታለህ፣ ቴንካራ ለዚህ ነው የተፈጠረው። የ9 አመቷ ልጄ ከማጥመዱ ይልቅ ድንጋይ እየገለበጠች ስር የተጣበቁትን ትላትሎች ማየት ነው የምትወደው፣ ዛሬ ዝንባችን እንዲህ አይነት ይሁን ብላ የምትመርጠው እሷ ናት። ከ16 አመት በታች ላይሰንስ አያስፈልግም፣ እኔና ባለቤቴ ግን እንገዛለን። ባለቤቴ መጀመሪያ መኪና ውስጥ ነበር የምትቀመጠው፣ አሁን ከኔ ትበልጣለች (ይሄን እንዳታነብ)።

አምና እማዬ ከሀዋሳ መጣች። ወንዙ ጋ ወንበር ዘርግተን ጋቢዋን አልብሰን አስቀመጥናት። ልጄ አንድ ቡናማ ትራውት ያዘች፣ እጇን ውሃ ውስጥ ነከር አደረገች፣ በደረቅ እጅ ሲነካ ቆዳው ላይ ያለው ልጋግ ይላጥና ይታመማል፣ መንጠቆዋን ነቅላ ለቀቀችው። የመንጠቆውን እሾህ አስቀድመን በፒንሳ ስለምንጨፈልቀው በቀላሉ ይወጣል። እማዬ ከወንበሯ ተነሳች።

«ምነው አመለጣት?»

«አይ እማዬ፣ ለቃው ነው።»

«ለቃው? ታዲያ ምን አድርጎ ነው ስታስጨንቁት የዋላችሁት?»

በኢንግሊዝኛ መልሱ ካች ኤንድ ሪሊስ ነው፣ በአማርኛ ለእናት እንዴት ነው የሚባለው? ወንዙ ትንሽ ነው አሳው እንዳያልቅ ነው ምናምን ብዬ ቀባጠርኩ፣ እሷ ግን ማታ ለዘመዶቿ ስትደውል «በምግብ ይጫወታሉ» ስትል ሰማኋት።

ስለዚህ በሳምንቱ መንግስት ሬይንቦ ትራውት እያመጣ የሚጨምርበት ሐይቅ ወሰድኳት። እዚህ ለአንድ ሰው በቀን 4 ትራውት ይፈቀዳል፣ ሶስት ይዘን ገባን። እማዬ ራሷ አፀዳችው፣ ጎን ጎኑን ሸነታተረችው፣ ዱቄት ነስንሳ ጠበሰችው፣ አዋዜውን አቀረበች፣ ልጆቹ ከመቼውም በላይ ዝም ብለው ከበቡ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ለልጄ ልታጎርስ እጇን ዘርግታ ቆመች።

«ቆይ፣ ዛሬ ረቡዕ አይደል እንዴ?»

ባለቤቴ አሳ ይበላል አለች፣ እኔ አይበላም አልኩ፣ ልጆቹ ይሄን ክርክር ሳይጠብቁ አንደኛውን ጨርሰውታል።