ከደሴቱ መመለስን ለመማር ዘጠኝ ዓመት ፈጀብን

ብርዱ ሲጠና እኔና ባለቤቴ በየዓመቱ ለአምስት ሳምንት ያህል ከምድር ወገብ ብዙም ወደማትርቅ አንዲት ደሴት እንሄዳለን። መሄዱን ማንም ሊያስተምረን አላስፈለገም፤ ጉጉት ሰውን ከወር በፊት ሻንጣ ከቁም ሣጥን ያስወርደዋል። መመለሱን ግን የተማርነው በኪሳራ ነው። ቀድሞ ጉዞው አውሮፕላኑ ሲያርፍ የሚያበቃ ይመስለን ስለነበር፣ ለመሄዱ ከምናደርገው ዝግጅት አንድ አሥረኛውን እንኳ ለመመለሱ አናደርግም ነበር። ዛሬ የመመለሻው ዝግጅት የሚጀምረው ቤቱን ቆልፈን ከመውጣታችን በፊት ነው፤ አምስት ሳምንት ሰው ሳይኖርበት የከረመ ቤት እንደተውነው ሆኖ አይጠብቀንምና።

ይህን ያስተማረን የመጀመሪያው ዓመት ነው። ወጪ ለመቆጠብ ብለን ማሞቂያውን ሙሉ በሙሉ አጥፍተን፣ ውሃውን ግን ሳንዘጋ ሄድን። ስንመለስ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነበር። ቁልፉን በሩ ውስጥ ከትቼ ገና ሳላዞረው ባለቤቴ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «ቆይ እስኪ፣ ቤት ውስጥ ሰው አለ እንዴ? ውሃ ይሰማኛል» አለችኝ። እውነትም ከውስጥ አንድ ሰው ገላውን እየታጠበ ያለ የሚመስል ድምፅ ይመጣ ነበር። በሩን ስከፍት የኮሪደሩ ምንጣፍ ከጫማዬ ሥር ውሃ ተፋ። በወጥ ቤቱ ማጠቢያ ሥር፣ የውጭውን ግድግዳ ተጠግቶ የሚያልፈው ቧንቧ ጥፍር በማታስገባ ስንጥቅ በኩል ውሃውን እየረጨ ነበር። የወለሉ ጣውላ አብጦ ጉብ ጉብ ብሏል፤ የታችኞቹ መሳቢያዎች ደግሞ እንጨታቸው ውሃ ጠጥቶ አልከፈት አሉን።

ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በማግስቱ የመጣው የቧንቧ ሠራተኛ እንዳስረዳን ግን፣ ቧንቧውን የሚሰነጥቀው ብዙ ጊዜ በረዶው ራሱ ግድግዳውን ገፍቶ ሳይሆን፣ በበረዶው ድፍንና በተዘጋው የቧንቧ አፍ መካከል የታሰረው ውሃ መውጫ አጥቶ ግፊቱ ስለሚያይል ነው። ደግሞም ቧንቧው የሚሰነጠቀው በብርዱ ቀን ቢሆንም ውሃው የሚፈስሰው ብርዱ ላላ ብሎ በረዶው ሲቀልጥ ነው፤ ለካስ እኛ ከመመለሳችን ከሁለት ቀን በፊት አየሩ ሞቅ ብሎ ነበር። የመድን ድርጅቱ ማሞቂያው ጠፍቶ እንደነበር ሲያውቅ ከጉዳቱ ከፊሉን ብቻ ከፈለ። በብርዱ ወራት ባዶ የሚቆይ ቤት መሞቅ እንዳለበት ውሉ ላይ በግልጽ ተጽፎ ስለነበር፣ ሳላነብ የፈረምሁት እኔ ማንንም ልወቅስ አልቻልሁም።

ከዚያ ወዲህ ስንሄድ ማሞቂያውን 13 ዲግሪ ላይ እንተወዋለን፣ የውሃ ማሞቂያውን ማብሪያ እናጠፋለን፣ ዋናውን የውሃ መዝጊያ እንዘጋለን፣ ከዚያም በቧንቧዎቹ ውስጥ የቀረው ውሃ እንዲወርድ ከላይኛው ፎቅ ጀምረን እስከ ታች ሁሉንም እንከፍታለን። የቤቱ ሙቀት ቧንቧዎቹ ጋ እንዲደርስ በማጠቢያዎቹ ሥር ያሉትን የቁም ሣጥን በሮች ከፍተን እንተዋለን። ፍሪጁን ባዶ አድርገን፣ ከሶኬቱ ነቅለንና ውስጡን አድርቀን፣ በሩ እንዳይገጥም ፎጣ እናስገባበታለን፤ ጠፍቶ የተዘጋ ፍሪጅ ሻጋታ እንደሚያበቅል የተረዳነው በሁለተኛው ዓመት በአፍንጫችን ነው። የማጠቢያዎቹ ሲፎን ነገር ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። በዚያ በታጠፈ ቧንቧ ውስጥ የሚተኛው ጥቂት ውሃ የፍሳሹን ሽታ ወደ ቤት እንዳይመለስ የሚያግድ ሲሆን፣ በደረቅ የማሞቂያ አየር ውስጥ ሳምንታት ሲቆይ ተንኖ ያልቅና መንገዱን ለሽታው ይለቅቃል። በየማጠቢያው ላይ ውሃ ከጨመርን በኋላ ሁለት ማንኪያ የምግብ ዘይት ጠብ እናደርጋለን፤ ዘይቱ በላዩ ተንሳፍፎ ትነቱን ያዘገየዋል።

ስንመለስ ደግሞ ሌላ ሥርዓት አለው። በሦስተኛው ዓመት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ደርሰን፣ በብርድ የደነዘዙ እጆቼን ሙቅ ውሃ ላገኝላቸው ቸኩዬ የውሃ ማሞቂያውን ማብሪያ ከዋናው መዝጊያ በፊት ጫንሁት። ከመሄዳችን በፊት የውሃ ማሞቂያውን ጋን ባዶ አድርገነው ስለነበር በውስጡ ያለው የማሞቂያ ብረት ውሃ ሳይነካው ግሎ ወዲያው ተቃጠለ፤ አዲስ እስኪገጠም ለአራት ቀን በጀበና ያሞቅነውን ውሃ በጆግ እየቀዳን ታጠብን። አሁን መጀመሪያ ዋናውን መዝጊያ በሩብ ዙር ብቻ እከፍትና ውሃው ቀስ ብሎ እንዲገባ እታገሣለሁ፤ በአንዴ ከተከፈተ በቧንቧው የታሰረው አየርና የሚገሰግሰው ውሃ ተጋጭተው መገጣጠሚያዎቹን ይደበድባሉ። ከዚያ የቧንቧዎቹን አፍ ማጣሪያ ፈትቼ አስቀምጣለሁ፤ የመጀመሪያው ውሃ ዝገትና ደለል ይዞ ስለሚመጣ ማጣሪያውን ይደፍነዋልና። የውሃ ማሞቂያው የሚበራው ጋኑ ሞልቶ ከሙቅ ውሃው ቧንቧ ያለ አየር መውረድ ሲጀምር ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ሻወርም ወዲያው አንወስድም። ሌጂዮኔላ የተባለው፣ በ1976 በፊላደልፊያ በተደረገ የቀድሞ ወታደሮች ጉባኤ ላይ የሳንባ ምች አስነሥቶ ስሙን ያገኘው ባክቴሪያ፣ ለብ ባለና በቆመ ውሃ ውስጥ ይራባል፤ ሰውን የሚይዘውም ብዙውን ጊዜ በሚጠጣው ውሃ ሳይሆን ከሻወር በሚወጣው ጉም በኩል ነው። ስለዚህ የጋኑን ውሃ 60 ዲግሪ እናደርስና ሻወሩን ለተወሰኑ ደቂቃዎች ከፍተን እኛ ከክፍሉ እንወጣለን። ባለቤቴ ይህን ሁሉ እንደ ማጋነን ትቆጥረዋለች፤ ሆኖም በሩን የምትዘጋው እሷ ነች።

ጉዞውን በተመለከተ ሦስት ስሕተት ብቻ ልጥቀስ። ደሴቱ ላይ 30 ዲግሪ ስለነበር ካፖርታችንን በትልቁ ሻንጣ ውስጥ ጨመርነው፤ ሻንጣው በመሸጋገሪያው አየር ማረፊያ ቀርቶ እኛ ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ በሆነ ማታ በሸሚዝ ታክሲ ጠበቅን። አሁን ካፖርትና የተሸፈነ ጫማ ከእጅ ሻንጣ አይወጡም። ሁለተኛው የጉምሩክ ነገር ነው። ከባሕሩ ዳር ያነሣሁትን እንደ ድንጋይ የነጣ የኮራል ቁራጭ ሠራተኛዋ ከሻንጣዬ አውጥታ በፕላስቲክ ከረጢት አሸገችውና ወረቀት አስፈረመችኝ። በ1973 የተፈረመው፣ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት ድንጋያማ ኮራሎችን በዝርዝሩ ይዟቸዋል፤ ሞተው ደርቀው መገኘታቸውም ነፃ አያወጣቸውም። ሦስተኛው በመጨረሻው ቀን ባሕር ውስጥ መጥለቅ ነው። በታመቀ አየር ጋን የጠለቀ ሰው ደሙ ውስጥ የሟሟ ናይትሮጅን ይዞ ይወጣል፤ የአውሮፕላን ክፍል የአየር ግፊት ደግሞ እስከ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ያህል ስለሚቀንስ ናይትሮጅኑ በሰውነት ውስጥ አረፋ ሆኖ ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ከጠለቁ በኋላ ቢያንስ 12፣ በተደጋጋሚ ከጠለቁ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበሩ መቆየት ይመከራል። እኛ ለጥንቃቄ ሙሉ አንድ ቀን እናደርገዋለን።

ከደሴቱ ወደ ቤታችን የሰባት ሰዓት ልዩነት አለ፤ ጉዟችን ወደ ምዕራብ ነው። የሰው የውስጥ ሰዓት ከ24 ሰዓት ጥቂት ስለሚረዝም ቀኑን ማስረዘም ከማሳጠር ይቀለዋል፤ በዚህም ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው ከተቃራኒው ይልቅ ቶሎ ይለምዳል ይባላል። ቶሎ ማለት ግን ወዲያው ማለት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ምሽቶች 2 ሰዓት ላይ ሹካ እንደያዝሁ አንቀላፋለሁ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ደግሞ ዓይኔ ቁልጭ ብሎ ይነቃል። ለዓመታት በዚያ ሰዓት ተነሥቼ የወጥ ቤቱን መብራት አብርቼ ሥራ እጀምር ነበር፤ ብልህ የሆንሁ መስሎኝ የድሮውን የደሴት ሰዓት አጠናክር ነበር እንጂ። አሁን ማታ የቤቱን መብራት በሙሉ አብርቼ እስከ 4 ሰዓት እንደ ምንም እቆያለሁ፤ ሌሊት ከነቃሁ ግን ስልክ ሳልነካ በጨለማው እተኛለሁ። በአምስተኛው ቀን ገደማ እንቅልፌ ይስተካከላል።

ከሁሉም የከበደኝና ለመረዳትም የዘገየሁበት ግን ጨለማው ነው። ብርዱን ሰው ለብሶ ይቋቋመዋል። ምድር ወገብ አካባቢ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል፤ በ60 ዲግሪ ሰሜን ደግሞ በዓመቱ አጭሩ ቀን ፀሐይ ስድስት ሰዓት እንኳ ሳትሞላ ትጠልቃለች። አምስት ሳምንት በዚያ ብርሃን የኖረ ሰው በአንድ ሌሊት ወደዚህ ሲጣል የሚሰማውን ድባቴ እኔ ለዓመታት የደሴቱ ናፍቆት ነው ብዬ አሳብቤ ኖሬያለሁ። በየካቲት ማለዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አንድ እግሬን ካልሲ ውስጥ ካስገባሁ በኋላ ሁለተኛውን ለማስገባት ሩብ ሰዓት የፈጀብኝ ቀን ነው ጉዳዩ ሌላ መሆኑን የጠረጠርሁት። ሐኪሜ ከወቅት ጋር የሚመጣ የድብርት ዓይነት እንዳለና በ1984 በእነ ኖርማን ሮዘንታል ጥናት ስም እንደተሰጠው ነገረችኝ፤ ዓይኔን ከመረመረችኝ በኋላም 10 ሺህ ሉክስ (ሉክስ የብርሃን ድምቀት መለኪያ ነው) የሚሰጥ መብራት ፊት ለፊት ጠዋት ጠዋት ለ30 ደቂቃ እንድቀመጥ አዘዘችኝ። ከጉዞ እንደተመለስሁ የምጀምረው ግን እንቅልፌ ከተስተካከለ በኋላ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጠዋት ብርሃን የውስጡን ሰዓት ወደማይፈለገው አቅጣጫ ሊገፋው ይችላል። ከመብራቱ ሌላ ቀትር ላይ፣ ሰማዩ ቢጠቁርም፣ ከቤት እወጣለሁ፤ ደመና የሸፈነው ቀን እንኳ ከክፍል መብራት ብዙ እጥፍ ይበራል።

የምንመለስበትንም ቀን ለወጥነው። እሑድ ማታ ደርሶ ሰኞ ጠዋት ሥራ መግባት የዕረፍት ቀን የማትረፍ ስግብግብነት ነበር፤ አሁን ሐሙስ ገብተን ሦስት ቀን ለቤቱ፣ ለልብስ አጠባውና ለእንቅልፉ እንተዋለን። ሻንጣዎቹ መኝታ ቤት አይገቡም፤ የሆቴል ትኋን አብሮ እንዳይመጣ ልብሱ ሁሉ በቀጥታ ወደ ማጠቢያ፣ ከዚያም ከፍተኛ ሙቀት ላይ ወደ ማድረቂያ ይሄዳል። ከተመለስን በኋላ በነበሩት ሳምንታት፣ ከዚያም አልፎ በወራት ውስጥ፣ ትኩሳት ከያዘን ለሐኪሙ መጀመሪያ የምንናገረው ከየት እንደመጣን ነው፤ ዴንጊ የተባለው ትኩሳት በትንኝ ከተነደፉ ከ4 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ሲታይ ወባ ግን ከዚያ ብዙ ዘግይታ ልትነሣ ትችላለች።

ዘንድሮ ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ደረስን፤ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ጎረቤታችን በጠዋት ገብታ ማሞቂያውን 19 ላይ አድርጋልን ስለነበር የበሩ እጀታ እንኳ ለብ ያለ መሰለኝ። ቁልፉን ከማዞሬ በፊት፣ ከመጀመሪያው ዓመት ወዲህ ሁልጊዜ እንደምናደርገው፣ ሁለታችንም ጆሯችንን ወደ በሩ አስጠግተን አዳመጥን። ፀጥ ብሏል። ወደ ምድር ቤት ወርጄ መዝጊያውን ሩብ ዙር ከፈትሁት። ከላይ ባለቤቴ፣ «እየሳለ ነው» ስትል ሰማሁ፤ ቧንቧው አየሩን እየተፋ፣ መጀመሪያ ቡናማ፣ ቀጥሎ እንደ ሻይ የቀጠነ፣ በመጨረሻ ጥርት ያለ ውሃ አወረደ። «ጠራ!» አለችኝ፤ እኔም መዝጊያውን እስከ መጨረሻው አዞርሁት።